ጽሑፍ የሌለው የሶልደር ዘንግ፦ ቲኑ ስንት፣ እርሳሱ ስንት?

ከአሮጌ ዕቃ መሐል የተገኘ የሶልደር ዘንግ ብዙ ጊዜ ጽሑፍ የለውም። የቲንና የእርሳስ ቅልቅል ሊሆን ይችላል፤ የቱ ምን ያህል እንደሆነ ግን መልኩን አይቶ መናገር አይቻልም። ልዩነቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። 63 በመቶ ቲን፣ 37 በመቶ እርሳስ ያለው በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በአንዴ ይቀልጣል፣ በአንዴም ይረጋል፤ ለኤሌክትሮኒክስ ሥራ የተመረጠውም ለዚህ ነው። ቲኑ 40፣ እርሳሱ 60 የሆነው ግን ከ238 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መርጋት ይይዝና እስከ 183 ድረስ ገንፎ መስሎ ይቆያል። ሰፊ መጋጠሚያ ለሚሞላ ሰው ይህ ይመቸዋል። ስስ ሽቦ ለሚበይድ ግን ሳይረጋ ከተነቃነቀበት ብየዳው ደካማ ይሆናል።

የቆዩ ባለሙያዎች ዘንጉን ጆሯቸው አጠገብ ያጎብጡታል። ንጹሕ ቲን ሲጎብጥ በውስጡ ያሉት ክሪስታሎች ስለሚዛነፉ ይንጣጣል፤ እርሳስ ሲበዛበት ድምፁ ይጠፋል። እርሳስ የበዛበት ዘንግ ወረቀት ላይ ሲጫርም ግራጫ መስመር ይተዋል። ሁለቱም ፍንጭ ይሰጣሉ፤ መጠን ግን አይናገሩም።

መጠኑን የሚያወጣው አርኪሜድስ ያስተማረው የውኃ ሚዛን ነው። አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ቲን 7.3 ግራም፣ እርሳስ ደግሞ 11.3 ግራም ገደማ ይመዝናል። ዘንጉን በደረቁ መዝኑት። ቀጥሎ ውኃ የያዘ ዕቃ ዲጂታል ሚዛን ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ዜሮ አድርጉት። ዘንጉን በቀጭን ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት፤ ታችም ጎንም አይንካ፣ የተለጠፈበት የአየር አረፋም ይራገፍ። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየው ግራም የዘንጉ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ነው። 500 ግራም የሆነ ዘንግ 58.7 ካሳየ፣ ሲካፈል 8.5 ይመጣል፤ ይህ የ60/40 ቅልቅል ነው፣ ቲኑ 60። 53.8 ካሳየ 9.3 ይሆናል፤ እዚህ ቲኑ 40 ብቻ ነው። ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በዚህ ዘንግ ላይ የአንድ ግራም ስህተት 60ውን 64 ያደርገዋል። ስለዚህ ከቁራጭ ይልቅ ሙሉውን ዘንግ መመዘን ይሻላል።

ይህም ብቻውን ያሳስታል። 42 በመቶ ቲን፣ 58 በመቶ ቢስመዝ ያለበት ሶልደር እርሳስ ጨርሶ ሳይኖረው ክብደቱ ከ60/40 ጋር አንድ ነው ለማለት ይቻላል። የሚለያቸው እሳት ነው፤ የቢስመዙ በ138 ዲግሪ ይቀልጣል። ስለዚህ ትንሽ ቁራጭ አቅልጡና ቴርሞኮፕል ከትታችሁ ሲቀዘቅዝ ተከታተሉት። ሙቀቱ 183 ላይ ቆም ካለ፣ ቲንና እርሳስ አብረው አሉ። መርጋት የጀመረበት ሙቀት ከውኃው ሚዛን ውጤት ጋር ከተስማማ መልሱን ማመን ይቻላል። ካልተስማማ ሌላ ብረት ተደባልቆበታል፤ ያኔ የኤክስሬይ መመርመሪያ ወዳለበት ላቦራቶሪ መውሰድ ነው የሚበጀው።

ሥራውን አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ሥሩ፤ ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው። ምንነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ ያልታወቀን ዘንግ እርሳስ እንዳለበት ቁጠሩት፤ የመጠጥ ውኃ ቧንቧም ሆነ የምግብ ዕቃ በፍጹም አትበይዱበት።