ሁለት ማልያ፣ አንድ ጉልበት

ክፍል 3

ያለፈው ባጭሩ፦ የሾን ኦግ ኦ ሃልፒን አባት ከሰሜን አየርላንዷ ፈርማና ናቸው፤ እናቱ ደግሞ ከፊጂ ዋና ደሴቶች በስተሰሜን ለብቻዋ ከተቀመጠችው ከሮቱማ ደሴት። ልጁ ሲድኒ ውስጥ ራግቢ ሲጫወት ቆይቶ በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከቤተሰቡ ጋር ወደ አየርላንድ፣ ወደ ኮርክ ከተማ መጣ። የ11 ዓመት ልጅ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ገና መራመድ ሲጀምሩ የጨበጡትን የኸርሊንግ ዱላ እሱ ዘግይቶ ያዘው፤ ያዘው ግን አልለቀቀውም። ባለፈው ሳምንት የተለያየነው ሴፕቴምበር 12 ቀን 1999፣ ደብሊን በሚገኘው በክሮክ ፓርክ ስታዲየም ነበር። የመላው አየርላንድ የኸርሊንግ ፍጻሜ ሊያበቃ ጥቂት ቀርቶታል፤ ኮርክ ኪልኬኒን የሚመራው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው።

ፊሽካው ተነፋ። ኮርክ 13፣ ኪልኬኒ 12።

ዝናብ ባራሰው ሜዳ 70 ደቂቃ ሲታገሉ ውለው አንዲት ኳስ እንኳ መረብ አልነካችም። የተቆጠረው ሁሉ ከአግዳሚው በላይ ያለፈ ነው፣ እያንዳንዱ አንድ ነጥብ። መረብ የነካች ኳስ ሦስት ነጥብ ታስገኛለች። ስለዚህ እንዲህ ባለ ጨዋታ አንድ ተከላካይ ለቅጽበት ቢዘናጋ የዓመት ልፋት ገደል ይገባል። የኮርክ ተከላካዮች አልተዘናጉም። ኪልኬኒ ዲጄ ኬሪን የመሰለ አጥቂ ይዞ መጥቶ 12 ነጥብ ላይ ቀረ። አጥቂዎቹ በጋዜጣ ይሞገሱ እንጂ እኔን ብትጠይቁኝ ዋንጫውን ያመጣው የኋላው መስመር ነው።

አምበሉ ማርክ ላንደርስ የሊያም ማካርቲን ዋንጫ ከፍ አድርጎ አሳየ። ኮርክ ይህን ዋንጫ ሲያነሳ ከ1990 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። 7 ቁጥር የለበሰው የግራ መስመር ተከላካይ ሾን ኦግ 22 ዓመቱ ነው። ለጓደኞቹ ዓመቱ እዚህ ላይ አለቀ። ከዚህ በኋላ ያላቸው ሥራ ዋንጫውን በየትምህርት ቤቱና በየመንደሩ ማዞር፣ መብላት፣ መጠጣት፣ መዝፈን ነው። ኮርክ ውስጥ የዋንጫ ደስታ በአንድ ሌሊት አያልቅም።

ለእሱ ግን ዓመቱ አላለቀም። ከ14 ቀን በኋላ እዚሁ ሜዳ ላይ ሌላ ፍጻሜ ይጠብቀዋል፤ ማልያው ያው ቀይ ነው፣ ጨዋታው ግን ጌሊክ እግር ኳስ፣ ተጋጣሚው ደግሞ ሚዝ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ትንሽ ልግታው፤ አዲስ አንባቢ ግር እንዳይለው። ኸርሊንግን ለማሰብ የገና ጨዋታችንን ያየ ሰው ግማሽ መንገድ ሄዷል፤ ጫፉ ጎበጥ ያለ ዱላ፣ ትንሽ ጠንካራ ኳስ፣ ብዙ ጩኸት። ልዩነቱ ኳሷ እንደ ጥንጓ መሬት ለመሬት ብቻ አለመሄዷ ነው። ከራስ በላይ ትበራለች፣ በእጅ ትቀለባለች፣ በዱላው ጫፍ ላይ እየነጠረች ትሮጣለች። በደንብ ስትመታ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ትከንፋለች። በ1999 የራስ ቁር ማድረግ ገና ግዴታ አልነበረም፤ አዋቂዎቹ የተገደዱት በ2010 ነው። ጌሊክ እግር ኳስ ደግሞ ያለ ዱላ፣ በትልቅ ኳስ፣ በእጅም በእግርም የሚጫወቱት ነው። በሁለቱም 15 ለ15 ይሰለፋሉ፤ ሜዳውም፣ የግቡ ቋሚዎችም አንድ ናቸው፤ በዚያን ጊዜ የነጥቡ አቆጣጠርም አንድ ነበር። ሁለቱን የሚያስተዳድረው በ1884 የተቋቋመው የጌሊክ አትሌቲክስ ማኅበር ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለማንም ተጫዋች ደመወዝ አይከፈልም። ክሮክ ፓርክ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ሕዝብ ተሞልቶ ስሙን ሲጠራው የዋለ ሰው በማግሥቱ ሥራ ይገባል። የሚጫወተው ለተወለደበት ወይም ላደገበት አውራጃ ነው። እንደ አውሮፓ እግር ኳስ ተሽጦ ተገዝቶ ከክለብ ክለብ መዝለል የለም። ስለዚህ ሁለቱንም ጨዋታ የሚችል ልጅ ሲገኝ አውራጃው ሁለቱንም ይጠይቀዋል። ልጁም እምቢ ለማለት አፍ የለውም፤ ጠያቂዎቹ ጎረቤቶቹ፣ መምህሮቹ፣ የጓደኞቹ አባቶች ናቸውና።

በሁለቱም መጫወት ለአጥቂ ከባድ ነው። ለተከላካይ ግን ከባድ የሚለው ቃል አይበቃም። አጥቂ ዘጠኝ ጊዜ ስቶ በአሥረኛው ቢያስቆጥር ጀግና ነው። ተከላካይ ዘጠኙን ጊዜ አድኖ አሥረኛዋ ብታመልጠው ሰው የሚያስታውሰው አሥረኛዋን ነው። ደግሞም ሁለቱ ጨዋታዎች ከተከላካይ የሚፈልጉት ጠባይ እርስ በርሱ ይጣላል። በኸርሊንግ 7 ቁጥር የሚለብሰው ሰው ዓይኑ ወደ ሰማይ ነው። ከተቃራኒው ግብ የተመታች ኳስ ከላይ ስትወርድ ሦስት አራት ዱላ ባንዣበበበት ባዶ እጁን ሰድዶ መቅለብ አለበት። ሾን ኦግ በዚህ ይታወቅ ነበር፤ ቀልቦ፣ ዞሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። በእግር ኳሱ ግን የሚሰለፈው ከግብ ጠባቂው ፊት፣ የመሃል ተከላካይ ሆኖ 3 ቁጥር ላይ ነው። እዚያ ቦታ ኳሷን እያየ ወደ ሰማይ ያንጋጠጠ ሰው የሚጠብቀውን አጥቂ አጥቷል ማለት ነው። ዓይን ከሰውዬው ወገብ መነቀል የለበትም፤ እግር በአጭር እርምጃ መጠጋት፣ እጅ ሳይዝ መከልከል አለበት። አንዱ ጨዋታ ያስለመደው ደመ ነፍስ በሌላው ያከስራል። አንድ አካል በ14 ቀን ውስጥ ይህን ለምዶ ያንን እንዲረሳ ነው የሚጠየቀው።

ሁለት አለቃ ነበረው። የኸርሊንጉ አሰልጣኝ ጂሚ ባሪ መርፊ የዚህን መንገድ ውጣ ውረድ ከማንም በላይ ያውቃል። ራሱ በ1973 ከኮርክ ጋር የእግር ኳሱን ዋንጫ ወስዶ፣ ከ1976 እስከ 1978 ደግሞ የኸርሊንጉን ሦስት ጊዜ በተከታታይ አንስቷል። እሱ አጥቂ ነበር። በእነዚያው ዓመታት ተከላካዩ ብራያን መርፊም እንዲሁ የሁለቱንም ሜዳሊያ አጥልቋል፤ ስሙ ግን እንደ አጥቂው አይነሳም። የተከላካይ ዕጣ ይኸው ነው። የእግር ኳሱ አሰልጣኝ ላሪ ቶምፕኪንስ ደግሞ በ1990 ዋንጫውን በአምበልነት ያነሳ ሰው ነው። ያን ቀን የተሸነፈው ማን ይመስላችኋል? ሚዝ። ከዚያ በፊት በ1987ና በ1988 ፍጻሜ ላይ ቶምፕኪንስን ያስለቀሰውስ? እሱም ሚዝ። የቆየ ቂም ነው፤ ወጣቱ ተከላካይ የወረሰው ያንን ነው።

1990 በኮርክ ሰው ልብ ውስጥ የተለየ ዓመት ነው። አውራጃው ሁለቱንም ዋንጫ በአንድ ዓመት ወሰደ፤ በሁለቱም ፍጻሜ ተሰልፎ በሁለቱም ያሸነፈው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ቴዲ ማካርቲ። ከእሱ በፊት በአንድ ዓመት ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። አሁን በ1999 ሴፕቴምበር ኮርክ አንዱን ዋንጫ ይዟል፤ ሁለተኛውን የሚያገኝበት ፍጻሜ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል፤ በሁለቱም ቡድን ውስጥ ያለው ደግሞ ይህ ከፓስፊክ ደሴት እናት የተወለደ ልጅ ነው። በሬዲዮ ጨዋታ በማስተላለፍ መላው አገር ያውቃቸው የነበሩት ሚሆል ኦ ሙርሄርቲ አባቱ ከፈርማና፣ እናቱ ከፊጂ መሆናቸውን ካወሱ በኋላ ሁለቱም የኸርሊንግ አገር አይደሉም ብለው የቀለዱት በዚህ ልጅ ነው። ቀልዱ ዛሬም ድረስ በአየርላንድ ከአፍ አፍ ይዞራል።

ሴፕቴምበር 26 ደረሰ።

ሚዝን የሚያሰለጥኑት ሾን ቦይላን ኑሯቸው የዕፅዋት መድኃኒት መቀመም ነው። ቡድኑን ከ1982 ጀምሮ ይዘውታል፤ ከሦስት ዓመት በፊትም ዋንጫ አንስተውበታል። ልጆቻቸው ሲመሩም ሲመሩባቸውም ፊታቸው አይለወጥም፣ ይህ ነው የሚያስፈራው። ከፊት አምበሉ ግራሃም ጌራቲና ፈጣኑ ኦሊ መርፊ አሉ። ኮርክ ወደ ፍጻሜው የመጣው ጎረቤቱን ኬሪን፣ ከዚያም ሜዮን አሸንፎ ነው። የዚያን ጊዜ እግር ኳስ አንዴ ከተሸነፉ ወደ ቤት ነው፤ ሁለተኛ ዕድል የለም።

ኦሊ መርፊ መረቡን አገኘው። ሦስት ነጥብ። የኮርክ ደጋፊ ዝም አለ። ከእረፍት በኋላ ደግሞ ይባስ ብሎ ሚዝ የፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። መቺው ትሬቨር ጂልስ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከእሱ የተሻለ መቺ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ይህች ከገባች ነገሩ አለቀ።

ግብ ጠባቂው ኬቪን ኦዱዋየር አዳናት።

ያን ጊዜ ስታዲየሙ ተናወጠ። ኮርክ ነፍስ ዘራ፤ ጆ ካቫና የሚዝን መረብ ሲያናውጠው ቀይ የለበሰው ሕዝብ የ1990ው ተአምር የተመለሰ መሰለው። የኸርሊንጉ ዋንጫ ቤት ውስጥ ነው፣ የእግር ኳሱ ደግሞ በእጅ ርቀት ላይ። ለጥቂት ደቂቃዎች ሾን ኦግ ቴዲ ማካርቲ ብቻውን የቆመበት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር።

ሚዞች ግን አልደነገጡም። አንድ ነጥብ፣ ደግሞ አንድ፣ ደግሞ አንድ። ጩኸትም ጥድፊያም የለም። ፊሽካው ሲነፋ ሚዝ 1 ግብና 11 ነጥብ፣ ኮርክ 1 ግብና 8 ነጥብ፤ ሲደመር 14 ለ11። የሳም ማግዋየር ዋንጫ ወደ ሚዝ ሄደ። ልዩነቱ ሦስት ነጥብ ነው፣ ማለት አንዲት መረብ የነካች ኳስ።

በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ሰው በአንድ ሜዳ የአገሩን ትልቁን ደስታና ትልቁን ሽንፈት ቀመሰ። ብዙ ሰው ይህን እንደ ግማሽ ድል ይቆጥረዋል። እኔ አልቆጥረውም። በፍጻሜ የተሸነፈ ተከላካይ ከሁለት ሳምንት በፊት ያነሳውን ዋንጫ እያሰበ አይጽናናም፤ ያመለጠችውን ኳስ ነው የሚያሰላስለው።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው መጣ፤ አንዱን ምረጥ። ጂሚ ባሪ መርፊ ራሱ በ1980 እግር ኳሱን ትቶ በኸርሊንጉ ብቻ መቀጠሉን የማያስታውስ የኮርክ ሰው አልነበረም። የልምምዱ ጫና ከዓመት ዓመት ይከብድ ነበር። ተጫዋቾች መብታቸውን ለማስከበር የራሳቸውን ማኅበር ያቋቋሙትም በዚያው በ1999 ነው። አየርላንድ ውስጥ ዘመኑ ሁለት ጨዋታ ለሚጫወት ሰው ፊቱን እያዞረ ነበር።

የ2000 ዓመት ብዙ አልሰጠም። በኸርሊንጉ ኮርክ የደቡቡን የመንስተር ዋንጫ ቢወስድም በግማሽ ፍጻሜው ኦፋሊ አስቆመው፤ ባሪ መርፊም ከአሰልጣኝነቱ ወረደ። በ2001 ደግሞ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ ሊምሪክ በአንድ ነጥብ አሸንፎ ኮርክን ከውድድሩ አወጣው። ሻምፒዮን ከተባሉ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ መሆኑ ነው።

ሾን ኦግ 24 ዓመቱ ነው። ሰውነቱ በአገሩ ካሉ ተጫዋቾች ሁሉ በጥንካሬ ከሚጠቀሱት ነው፤ በሩጫ አይደክምም፣ በትከሻ አይነቀልም። የትኛውን ጨዋታ ይመርጣል የሚለው ወሬ ገና መልስ አላገኘም ነበር።

በዚያው በ2001 የነበረበት መኪና ተጋጨ። የጉልበቱን ሎሚ የሚይዘው ጅማት ተበጠሰ። ይህ ጅማት ከሌለ እግር አይዘረጋም፤ መሮጥ ይቅርና ደረጃ መውጣትም አይቻልም። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሲተኛ ጥያቄው ከሁለቱ ጨዋታዎች የትኛውን ይመርጣል የሚል መሆኑ ቀረ። ያ ጉልበት ዳግመኛ አንዱን እንኳ ይችል ይሆን? መልሱን ሳምንት እናነባለን።

(ይቀጥላል)