ትንሿ ሞተርና የሃ ዛንግ ቁልቁለት

ሰሜን ቬትናምን በሞተር ሊዞር ያሰበ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀኝ «ስንት ሲሲ ልከራይ?» ብሎ ነው። ሩቅ መንገድ ትልቅ ሞተር ይፈልጋል የሚለው እምነት በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰዷል። የእኔ መልስ ግን 110 ነው። የእጅ ፍሪሲዮን የሌላት፣ ማርሿ በእግር የሚገባ፣ አስተማሪውም አትክልት ነጋዴዋም በየቀኑ የሚነዷት ሆንዳ ዌቭ ወይም እሷን የመሰለች። በማያውቁት አገር የምትሻለው ሞተር የአገሩ ሰው አብጠርጥሮ የሚያውቃት ናት።

የዘር ሐረጓ እ.ኤ.አ. በ1958 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበችው ከሱፐር ከብ ይመዘዛል። የሆንዳ ኩባንያ መሥራች የሶይቺሮ ሆንዳ የሥራ አጋር ታኬዮ ፉጂሳዋ የፈለገው፣ የምግብ ቤት ተላላኪ በአንድ እጁ ትሪ ተሸክሞ በሌላው ብቻ ሊነዳት የሚችል ሞተር ነበር። ስለዚህ በግራ እጅ የሚጨበጠው ፍሪሲዮን ቀረና እንደ ኢንጂኑ ፍጥነት በራሱ የሚይዝና የሚለቅ ፍሪሲዮን ተተካ። መጀመሪያ 49 ሲሲ ብቻ የነበረችው ይህች ሞተር ከነተከታዮቿ እ.ኤ.አ. በ2017 ምርቷ 100 ሚሊዮን ደርሷል። ወደ ደቡብ ቬትናም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በገፍ ገባች፤ ዛሬ በመላ አገሪቱ የቤተሰብ መኪናውም፣ ታክሲውም፣ ጭነት አመላላሹም እሷና ዘመዶቿ ናቸው።

ለመንገደኛው ጥቅሟ ጎማ ሲተነፍስ ይታወቃል። በሰሜኑ ተራራማ አካባቢ ካለችው ከዶንግ ቫን ከተማ ወጣ ብዬ የኋላ ጎማዬ ሲተነፍስ፣ አየር መሙያ ከደጃፏ ያቆመች ባለ ሱቅ እግሩን ሳትፈታ የውስጡን ጎማ ስባ አወጣችና፣ ቀዳዳውን ፈልጋ ለጥፋ መለሰችው። እንዲህ ያለ ጎሚስታ በየመንደሩ አለ። በዚያው አካባቢ ትልቅ የአውሮፓ ሞተር ይዞ የመጣ መንገደኛ ግን የተሰበረች የፍሬን መያዣ ከሃኖይ እስክትመጣለት ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር፤ ሃኖይ ከሃ ዛንግ ከተማ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

የአገሩን ሕግም አይርሱ፦ ከ50 ሲሲ በላይ ለሆነ ሞተር መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ሄልሜት በአገጭ ሥር ይታሰራል፣ መንገዱ እንደ እኛው በቀኝ ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ከሃ ዛንግ በዶንግ ቫን በኩል ሜኦ ቫክ የሚደርሰውን 185 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1959 እስከ 1965 የሠሩት ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኛው ሥራ በእጅ መሣሪያ ነው የተከናወነው። ማ ፒ ሌንግ በሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ ሠራተኞቹ በገመድ ተንጠልጥለው ገደሉን ለወራት ጠርበዋል። ከሥር፣ እጅግ ዝቅ ብሎ፣ የኞ ኩዌ ወንዝ ይታያል። የተራራውን ጎን ይዞ የተጠረበ መንገድ መውጫው ረጅም እንደሆነ ሁሉ መውረጃውም ረጅም ነው። ሰው ደግሞ የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ «110 ሲሲ ትወጣዋለች ወይ?» ይለኛል። ትወጣዋለች፣ በዝግታ። መጠየቅ የነበረበት ግን እንዴት እንደምትወርድ ነው።

ብዙ ጎብኚ ይቀላል ብሎ ማርሽ የማይቀየርባትን ስኩተር ይከራያል። ስኩተር ነዳጅ ሲዘጋባትና ፍጥነቷ ሲቀንስ ፍሪሲዮኗ ይለቃል፤ ከዚያ በኋላ ከፍሬኑ በቀር የሚይዛት ነገር የለም። ፍሬን ደግሞ ሥራው ፍጥነትን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ሁለት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ለብዙ ደቂቃ ያለ እረፍት ሲጨበጥ ይግላል፣ ይሸታል፣ በመጨረሻም ቢጨብጡት አይዝም። በእግር ማርሽ የምትነዳዋ ሞተር ግን በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን ሲዘጉባት ኢንጂኗ ራሱ ጎማውን ይዞ ያዘገየዋል። ይህን የእኛ ሹፌሮች አሳምረው ያውቁታል፤ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ የጭነት መኪና ከባድ ማርሽ የሚያስገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ያንኑ ሹፌር ሞተር ላይ ብታስቀምጡት አይቸገርም። የሚቸገረው ነጻ ማርሽ አግብቶ ቤንዚን ቆጠብኩ የሚለው ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። የምትቆጥቡት የጥቂት ሳንቲም ቤንዚን ነው፣ የምታጋልጡት ደግሞ ከኋላችሁ የተቀመጠውን ሰው ጭምር።

ማርሽ መቀነሱም ዘዴ አለው፤ እኔ በዚህች ሞተር ከሁሉ የምወደው ይህንኑ ነው። የማርሹ ፔዳል ሲረገጥ ማርሹን ከመቀየሩ ጋር ፍሪሲዮኑንም ያላቅቃል፤ እግርዎ እስካልተነሣ ድረስ እንደተላቀቀ ይቆያል። ስለዚህ በተረከዝ ይረግጡና እንደረገጡ ይቆያሉ፣ ነዳጅ ትንሽ ይሰጣሉ፣ ኢንጂኑ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እግርዎን ቀስ ብለው ያነሣሉ። ያኔ ሳትንገጫገጭ ትገባለች። ረግጠው ወዲያው የሚለቁ ሰዎች የኋላ ጎማቸው ለቅጽበት ይንሸራተትና «ካምቢዮው መጥፎ ነው» ይላሉ፤ ካምቢዮው ምንም አልሆነም። እርጥብ ጠጠር ላይ ይህ ልዩነት መውደቅና አለመውደቅ ነው።

ስኩተር አስቀድሞ የተከራየም ተስፋ አይቁረጥ። ፍሪሲዮኑ ለቆ ሞተሯ መንደርደር ስትጀምር ነዳጅ ለአፍታ ሰጥቶ መልሶ ቢዘጋ ኢንጂኑ እንደገና ይይዛል። ፍሬኑንም እየጨበጡ መልቀቅ፣ ሲግል ደግሞ ዳር ይዞ መቆም ነው።

ከአከራዩ ደጃፍ ሳይርቁ አንድ ነገር ይሞክሩ፦ በሁለተኛ ማርሽ እየሄዱ ነዳጁን ድንገት ይዝጉ። ሞተሯ ወዲያው ካልተያዘች ወይም ማርሹ ዘልሎ ከወጣ ሌላ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ። ካቴናዋ ከልክ በላይ የላላ መሆኑንም ጎንበስ ብለው ይዩ፤ ክላክሷንም ይሞክሩ፣ ከፊት የሚመጣው በማይታይባቸው የማ ፒ ሌንግ ኩርባዎች ሁሉም ቀድሞ የሚሰማው እሱን ነው።