ኮምፒዩተርን በቃላት ማዘዝ እንደሚቻል ያሳዩት ግሬስ ሆፐር

ታላላቅ ባንኮችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ዛሬም የሚገለገሉበት ኮቦል የተሰኘው የኮምፒዩተር ቋንቋ በአብዛኛው የተመሠረተው አሜሪካዊቷ የሂሳብ ሊቅ ግሬስ ሆፐር ባፈለቁት ሐሳብ ላይ ነው። ሐሳቡም ሰው የማሽኑን ቁጥሮች ከሚያጠና ይልቅ ማሽኑ የሰውን ቃል እንዲቀበል ይደረግ የሚል ነበር። በወቅቱ ግን ብዙዎች የማይሆን ነገር አድርገው ተመልክተውታል።

ሆፐር እ.ኤ.አ. በ1906 በኒውዮርክ ከተማ ተወለዱ። በ1934 ከየል ዩኒቨርሲቲ በሂሳብ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተው በቫሳር ኮሌጅ ያስተምሩ ነበር። በ1943 የአሜሪካ ባህር ኃይል ተጠባባቂን ለመቀላቀል ሲያመለክቱ ክብደታቸው ከዝቅተኛው መመዘኛ በታች ሆኖ በመገኘቱ የተቀበሏቸው በልዩ ፈቃድ ነበር። በተከታዩ ዓመት 15 ሜትር ያህል ርዝመት ባለው፣ ማርክ አንድ በተባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የስሌት መሣሪያ ላይ እንዲሠሩ ተመደቡ።

በዚያ ዘመን ለማሽኑ የሚሰጠው ትዕዛዝ ሁሉ በቁጥር የሚጻፍ ነበር። ባለሙያዎቹ ቀደም ሲል ተሞክሮ የሠራውን የትዕዛዝ ክፍል ከደብተር ወደ አዲስ ፕሮግራም በእጅ ይገለብጡ ነበር፤ ሲገለብጡም ይሳሳታሉ። አንድ አኃዝ ከተዛባ ሥራው በሙሉ ይበላሻል። ሆፐር ይህን አሰልቺ ሥራ ማሽኑ ራሱ ሊሠራው እንደሚችል አመኑ። በ1952 ኤ ዜሮ የተባለውን ሥራቸውን ለፍጻሜ አበቁ፤ ይህም ኮምፓይለር ለሚባሉት ተርጓሚ ፕሮግራሞች ፈር የቀደደ ነው። እርግጥ ኤ ዜሮ የተዘጋጁ ክፍሎችን ፈልጎ የሚያገጣጥም እንጂ ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ሙሉ ተርጓሚ አልነበረም። ያም ሆኖ ኮምፒዩተር ከማስላት በቀር ሌላ አይችልም የሚል መልስ ይሰጣቸው እንደነበር ሆፐር በኋላ አስታውሰዋል።

ቀጥሎ ያሰቡት ለሂሳብ ምልክቶች ባዕድ ለሆነው የንግድ ሥራ ሠራተኛ ነው። ፍሎው ማቲክ በተባለው ቋንቋ ትዕዛዙ አንብብ፣ አወዳድር፣ ጻፍ እንደማለት ባሉ የእንግሊዝኛ ቃላት ይሰጣል። ሐሳቡን ለድርጅቱ ኃላፊዎች ሲያስረዱ ያንኑ ፕሮግራም በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም አዘጋጅተው አሳዩ። ለማሽኑ ቃል ማለት የፊደላት ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ለይቶ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል እንጂ ትርጉሙን አያውቅም። ኃላፊዎቹ ግን በአሜሪካ የተሠራ ኮምፒዩተር እንዴት ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ይረዳል ብለው ደነገጡ። ሆፐርና ባልደረቦቻቸው በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚሠሩ ማረጋገጫ እስከ መስጠት ደረሱ። ማሳያው ያስረዳል የተባለውን ነገር ጭራሽ አስፈሪ አደረገው።

እ.ኤ.አ. በ1959 በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር በተደረገ ስብሰባ በማናቸውም ኩባንያ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ የጋራ የንግድ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ተወሰነ። ኮቦልን የነደፈው ኮሚቴ ሲሆን የሆፐር ድርሻ የአማካሪነት ነበር፤ ነገር ግን ኮሚቴው በአመዛኙ የተነሳው ከፍሎው ማቲክ ነው። በ1960 መጨረሻ አንድ የኮቦል ፕሮግራም በሁለት የተለያዩ ኩባንያዎች ማሽኖች ላይ ተሞክሮ ሠራ።

በ1947 በማርክ ሁለት ማሽን ውስጥ የተገኘችውን የእሳት እራት ያገኟት ሆፐር ናቸው ሲባል ይሰማል። ታሪኩን ያስፋፉት እርሳቸው ቢሆኑም ያገኟት ሌሎች ናቸው፤ ብልሽትን በነፍሳት ስም መጥራትም ከዚያ በፊት በመሐንዲሶች ዘንድ የተለመደ ነበር።

ሆፐር በ1966 በጡረታ ቢገለሉም ባህር ኃይሉ በማግስቱ ዓመት መልሶ ጠራቸው። በ79 ዓመታቸው በ1986 በሪር አድሚራልነት ማዕረግ እስኪሰናበቱ ድረስ 30 ሴንቲ ሜትር የምታህል ሽቦ ይዘው እየዞሩ ያስተምሩ ነበር፤ ኤሌክትሪክ በአንድ ቢሊዮንኛ ሴኮንድ ቢበዛ የሚጓዘው ይህን ያህል ነው ለማለት ነው። ጥር 1 ቀን 1992 አረፉ፤ በ2016ም የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ የነፃነት ሜዳይ ከሞቱ በኋላ ተሰጥቷቸዋል።

በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሥራ ያሳጣቸው ሰዎች የድጎማ ማመልከቻ የኒው ጀርሲን ኮምፒዩተሮች ባጨናነቀ ጊዜ የግዛቲቱ አስተዳዳሪ በይፋ ያቀረቡት ጥሪ ኮቦል የሚያውቁ ባለሙያዎች እንዲረዷቸው ነበር።