ሦስት ቀስት ላይ የቆመ ኮምፒውተር፦ አልፋን በሊኑክስ ስለ ማስነሳት

ማብሪያው ሲጫን አልፋ ኮምፒውተር ራሙን ይፈትሻል፣ የተሰኩትን ካርዶች አንድ በአንድ ይለያል፣ ከዚያም >>> የሚል ምልክት አውጥቶ ይቆማል። ፒሲ ለለመደ ሰው ይህ ብልሽት ይመስላል። ማሽኑ ግን ጤነኛ ነው፤ ኤስአርኤም የሚባለው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ የሚኖረው ፈርምዌር ትእዛዝ እየጠበቀ ነው። ሊኑክስ እዚህ ማሽን ላይ አልነሳ ሲል ብዙዎች ሲዲ ከተው ሁሉንም እንደ አዲስ ወደ መጫን ይሮጣሉ። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። አልፋ የት ላይ እንደተሰናከለ በቃል የሚናገር ማሽን ነው፤ የሚለውን እስከ መጨረሻው መስመር ያነበበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስተካክለው 512 ባይት ብቻ ነው።

አልፋ እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ፣ ሜናርድ ከተማ ዋና መሥሪያ ቤቱ ከነበረው ከዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ የወጣ የ64 ቢት ፕሮሰሰር ነው። ለሊኑክስ ታሪክ ያለው ቦታም ትልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የዲጂታሉ ጆን ሆል የሊኑክስን ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስን ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ካገኘው በኋላ አንድ አልፋ እንዲላክለት አመቻቸ። እስከዚያ ድረስ በኢንቴል ፕሮሰሰሮች ዙሪያ የተሠራው ከርነል ወደ ሌላ ፕሮሰሰር እንዲሻገር የቶርቫልድስ ሥራ መንገዱን ጠረገ፤ በመጋቢት 1995 የወጣው ቁጥር 1.2 አልፋን አካትቶ ነበር። የፊልም ምስል ሠሪው ዲጂታል ዶሜይን ለ«ታይታኒክ» ፊልም ምስሎች 160 አልፋዎችን ሲያሰልፍ 105ቱ የሚሠሩት በሊኑክስ ነበር። ዲጂታል በ1998 በኮምፓክ ተገዛ፣ ኮምፓክም በ2002 ከኤችፒ ጋር ተዋሐደ፤ ማሽኖቹ ግን ዛሬም በየአድናቂው ቤት አሉ።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ማሽኑ በየትኛው ፈርምዌር እንደተነሳ ነው። እንደ ፐርሰናል ወርክስቴሽን 500ኤዩ ያሉት ሁለት ፈርምዌር ይዘዋል። ኤስአርኤም ለዲጂታል ዩኒክስና ለኦፕንቪኤምኤስ የተሠራ ሲሆን አልፋባዮስ ደግሞ ለዊንዶውስ ኤንቲ ነው። ከኤንቲ ተጠቃሚ እጅ የመጣ ማሽን በሦስቱ ቀስት ፋንታ የአልፋባዮስን ዝርዝር ያሳያል። በቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ኮንሶሉን ወደ ዩኒክስ መቀየር፣ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ማሽኑን አጥፍቶ ማብራት ነው። ኤስአርኤም ለሌላቸው ማዘርቦርዶች ማይሎ የሚባል ማስነሻ ተሠርቶ ነበር። ለእያንዳንዱ የማዘርቦርድ ዓይነት የራሱ ማይሎ ስለሚያስፈልግ አድካሚ ነው፤ ኤስአርኤም ያለው ሰው ወደዚያ ባይሄድ ይሻላል።

ቀጥሎ የዲስክ ስም አለ። ኤስአርኤም መጀመሪያው የስካዚ መስመር ላይ፣ መለያ ቁጥሩ 0 የሆነውን ዲስክ ዲኬኤ0 ይለዋል፤ መለያው 1 ከሆነ ዲኬኤ100፣ 4 ከሆነ ዲኬኤ400። ሊኑክስ ግን ዲስኮቹን ባገኛቸው ቅደም ተከተል ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እያለ ይጠራል። ስለዚህ የዲስክን መለያ ቁጥር የቀየረ ሰው ቅደም ተከተሉ እስካልተቀየረ ድረስ በሊኑክስ በኩል ስሙ ሳይለወጥ፣ በኤስአርኤም በኩል ግን ማስነሻ ትእዛዙ ወደ ባዶ ቦታ ሲያመለክት ያገኘዋል። ዲስኩ በኤስአርኤም ዝርዝር ውስጥ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ ጥፋቱ የካርዱ ሊሆን ይችላል። ኤስአርኤም የሚያነበው ሾፌር በያዘላቸው ካርዶች በኩል ብቻ ነው። ኪውሎጂክና ሲምባዮስ የተለመዱት ናቸው፤ ሊኑክስ በደንብ የሚያውቃቸው የአዳፕቴክ ካርዶች ግን በብዙዎቹ አልፋዎች ላይ ለማስነሻ አይሆኑም።

የነገሩ ልብ ያለው ግን በዲስኩ የመጀመሪያ ሴክተር ላይ ነው። የድሮው ፒሲ ባዮስ ይህን 512 ባይት ራም ላይ ይጭናል፣ መጨረሻው ላይ ያሉትን ሁለት ምልክት ባይቶች ያያል፣ ከዚያም እዚያው ያለውን ኮድ ማስኬድ ይጀምራል። ኤስአርኤም እዚህ ሴክተር ውስጥ ያለ ምንም ኮድ አያስኬድም። ሴክተሩን እያንዳንዳቸው 8 ባይት እንደሆኑ 64 ቁጥሮች አድርጎ ያነበዋል። ወደ መጨረሻው አካባቢ፣ ከ480ኛው ባይት ጀምሮ፣ የማስነሻው ፕሮግራም ስንት ብሎክ እንደሆነና ከየትኛው ብሎክ እንደሚጀምር ተጽፏል። የመጨረሻው ቁጥር ደግሞ የቀደሙት የ63ቱ ድምር ነው። ድምሩ ካልገጠመ ኤስአርኤም ሴክተሩን ማስነሻ ነው ብሎ አይቀበልም።

ግጭቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። የፒሲው የፓርቲሽን ሠንጠረዥ ከ446ኛው እስከ 509ኛው ባይት ይይዛል፤ ኤስአርኤም የሚፈልጋቸው ቁጥሮችም እዚያው ላይ ናቸው። ሁለቱ በአንድ ሴክተር አብረው መኖር አይችሉም። ለዚህ ነው በኤስአርኤም የሚነሳ ዲስክ በ64ኛው ባይት ላይ የሚቀመጠውን የቢኤስዲ የዲስክ መለያ የሚጠቀመው። ከፒሲ ተነቅሎ የመጣ ዲስክ፣ ወይም በፒሲ ዓይነት መሣሪያ አዲስ ፓርቲሽን የተጨመረበት ዲስክ፣ ፋይሎቹ አንድም ሳይጎድሉ ማሽኑን ማስነሳት ያቅተዋል። ያም ሆኖ ድምሩን ያሰበውን መሐንዲስ አደንቃለሁ፤ በእሱ ምክንያት የተበላሸ ሴክተር እንደ ደህና ተቆጥሮ ማሽኑን ገደል አይከተውም።

ታዲያ የማስነሳት ትእዛዝ ሲሰጥ መስመሮቹን በቅደም ተከተል መከተል ነው። መጀመሪያ የዲስኩ ብሎክ 0 ትክክለኛ ማስነሻ መሆኑን ይናገራል፤ ከዚያ ይህን ያህል ብሎክ አነበብሁ ይላል፤ ከዚያ ኮዱ ራም ውስጥ መግባቱን፣ የማሽኑ ሁኔታ መዘጋጀቱን፣ በመጨረሻም ወደ ማስነሻው ኮድ መዝለሉን ያሳውቃል። ብሎክ 0 ትክክል አይደለም ካለ ችግሩ ከላይ ያልነው ሴክተር ነው። በሲዲ ተነስቶ፣ ስዊራይትቡት በሚባለው ትንሽ መሣሪያ ማስነሻውን ዳግም መጻፍ ይበቃል፤ ድምሩን ራሱ ያሰላል። መሣሪያው ማስነሻው የአንዱን ፓርቲሽን ቦታ ይነካል ብሎ እምቢ ካለ ማስገደድ አይገባም። የመጀመሪያው ፓርቲሽን ከዲስኩ መነሻ ትንሽ ራቅ ብሎ እንዲጀምር ማድረግ ነው መፍትሔው።

ዝላዩ ከተሳካ ቃሉን የሚቀበለው ኤቡት ነው፤ ይህ በአልፋ ላይ የሊኑክስ ማስነሻ ነው። ስሙን ብቅ ካደረገ በኋላ የሚቆም ከሆነ ኤስአርኤምን መውቀስ አይቻልም። ኤቡት የሚያነበው ኤክስት2ንና ታናሹን ኤክስት3ን እንጂ ኤክስት4ን አይደለም። ዛሬ ሊኑክስ የሚጭን ሰው ከልማድ ሁሉንም ኤክስት4 ያደርግና ኤቡት ከርነሉን ሳያገኘው ይቀራል፤ ለቡት የተለየች ትንሽ የኤክስት2 ፓርቲሽን የግድ ናት። ሌላው የሚያሳስተው የቅንብሩ ፋይል ቦታ ነው። ኤቡት ፋይሉን የሚፈልገው እንዲያነብ በተነገረው ፓርቲሽን ላይ፣ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። የቡት ፓርቲሽኑ ለብቻው ከሆነ ፎልደሩም እዚያው ውስጥ መኖር አለበት፤ በዋናው ፓርቲሽን ላይ ያለውን ኤቡት አያየውም። ፋይሉ ሲጠፋ ለመፈለግ፣ በትእዛዙ ላይ «አይ» የሚለውን ፊደል ጨምሮ ኤቡትን በመጠይቅ መልክ ማስነሳትና በፓርቲሽኑ ላይ ያሉትን ፋይሎች ራሱ እንዲዘረዝር ማድረግ ይቻላል።

አንዳንዴ ደግሞ ከርነሉ ተጭኖ ስክሪኑ ዝም ይላል። ማሽኑ ሞቷል ብሎ ከመደምደም በፊት የሲሪያል ገመድ መሰካት ነው። ኪቦርድ ካልተሰካ ኤስአርኤም ንግግሩን ወደ መጀመሪያው ሲሪያል ወደብ ያዞራል፤ ፍጥነቱ 9600 ነው። ከርነሉም በዚያው ወደብ እንዲናገር በቅንብሩ መስመር ላይ ሊነገረው ይገባል።

ከሊኑክስ ስርጭቶች ዴቢያን አልፋን በይፋ የደገፈው በ2009 እስከወጣው እስከ 5.0 ድረስ ነው፤ ጄንቱ ግን ዛሬም ይዞታል። በ2024 የወጣው ከርነል 6.10 የመጀመሪያዎቹን አልፋዎች ጣለ፤ እነሱ አንድ ባይት ለብቻ ማንበብም ሆነ መጻፍ አይችሉምና ለከርነሉ ሸክም ሆነው ነበር። ባይት ለብቻ የሚያነብበው ኢቪ56 ፕሮሰሰር ያለበት 500ኤዩ ግን ከተረፉት ውስጥ ነው።

ሁሉም ሲሠራ የመነሻ ዲስኩን ስምና በኤቡት የቅንብር ፋይል ውስጥ ያለውን የምርጫ ቁጥር በኤስአርኤም ቅንብር ውስጥ መመዝገብ ይገባል። ማሽኑ ሲበራ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርገው ቅንብር ግን ማሽኑ ጠፍቶ በርቶ፣ በእጅ በተሰጠ ትእዛዝ ደጋግሞ በደህና ከተነሳ በኋላ ብቻ ነው መቀየር ያለበት፤ እስከዚያ ድረስ ሦስቱ ቀስት ላይ ቢቆም ይሻላል።