አረጋውያንን ከብቸኝነት መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደምንረዳው፣ ሰባቱ ዲያቆናት የተሾሙት መበለቶች በየዕለቱ አገልግሎት ችላ በመባላቸው ነው። የተረሱትን መፈለግ ከጥንት ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው።

ዛሬ ግን አንዲት እናት ከቅዳሴ ሲቀሩ «አርጅተዋል» ብለን እናልፋለን። የነርስነት ሙያ ምክንያቱን አስቀድመን እንድንጠይቅ ያስተምረናል። ጆሯቸው ደክሞ ስብከቱን አይሰሙ ይሆናል፤ የዓይን ሞራ መንገዱን ጋርዶባቸው፣ ጉልበታቸው ከድቷቸው፣ ወይም ሽንት መቋጠር ተስኗቸው አፍረው ይሆናል። ብዙው በሕክምና ይረዳል፤ የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። ጠያቂ ከሌለ ግን ሕመሙ ብቸኝነትን፣ ብቸኝነቱም ሐዘንንና የምግብ ፍላጎት ማጣትን ያመጣል።

ስለዚህ በየሰንበት ትምህርት ቤታችን ያሉ ነርሶች ከንስሐ አባቶች ጋር ተመካክረው አረጋውያንን በቋሚ ቀን ይጎብኙ። የደም ግፊት ለክተው ወዲያው አይመለሱ፤ ተቀምጠው ያድምጧቸው። ጎረቤት ደግፎ ወደ ቅዳሴ ያምጣቸው፤ መምጣት ለማይችሉትም የማኅበሩ ጠበል ጸዲቅ ወደ ቤታቸው ይሂድላቸው። እኛም ምክራቸውንና ምርቃታቸውን ተቀብለን እንመለሳለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።