የባቄላ ሥር ባክቴሪያ በስኳር ድርቅን ስለ መቋቋሙ

በለገጣፎና በሱሉልታ አገር ያለ ገበሬ ባቄላ በዘራበት መሬት በዓመቱ ስንዴ ወይም ገብስ ይዘራል፤ ባቄላ መሬትን እንዲያሰባ ከአባቶቹ ተምሯልና። ምክንያቱ ግን የታወቀው ዘግይቶ ነው። ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመናውያን እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1886 ዓ.ም. በሥሩ ላይ ያለው እባጭ ናይትሮጅንን ከአየር ለተክሉ እንደሚያስገኝ አስረዱ፤ በ1888 ዓ.ም. ደግሞ ሆላንዳዊው ቤይሪንክ ከእባጩ ውስጥ ባክቴሪያውን ለይቶ አወጣ። መምህሩ በነሐሴ አንድ ባቄላ በእርጋታ ነቅሎ እባጩን በምላጭ ቢሰነጥቀው፥ ውስጡ እንደ ሥጋ ቀልቶ ከታየ ባክቴሪያው ሥራ ላይ እንዳለ ደቀ መዛሙርቱ በዓይናቸው ያያሉ።

ነገር ግን ባቄላው ታጭዶ ዝናቡ ሲቆም ጥቁሩ መረሬ መሬት ይሰነጣጠቃል። የበልግ ዝናብ ካላገዘ በቀር እስከ ክረምት ድርቅ ነው። ይህ በዓይን የማይታይ ፍጥረት፥ እንደ እህል ዘር ጠንካራ ገለባ የሌለው፥ በምን ይሰነብታል?

በስኳር ነው። ያውም በሁለት ዓይነት። አንደኛውን ወደ ውጭ ያወጣዋል፤ ብዙ ስኳሮች እንደ ሰንሰለት ተያይዘው ዝልግልግ ልባስ ይሆኑለታል። ተልባ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲያድር የሚያወጣው ዝልግልግ የዚሁ ዘመድ ነው፤ ውሃን ይዞ ቶሎ አይለቅም። ልባሱ ለሌላም ይጠቅማል፤ እርሱን መሥራት የተሳነው ባክቴሪያ በአተር ሥር ገብቶ የሚሠራ እባጭ ማድረግ እንደሚያቅተው በምርመራ ታውቋል።

ሁለተኛው ትሬሃሎዝ ይባላል፤ ሁለት የግሉኮስ ስኳሮች ተጣምረው የሚሆኑት ነው። ይህን በአካሉ ውስጥ ያከማቸዋል። ባዶ አቁማዳ ሲደርቅ ተጨማዶ ይሰነጠቃል፤ ጭድ የተሞላው ግን ቅርጹን ይይዛል። ትሬሃሎዝም ውሃ በለቀቀው ስፍራ ገብቶ የባክቴሪያውን ስስ ሽፋንና የአካሉን ክፍሎች ደግፎ ያቆያል። ጨው በበዛበት መሬትም እንዲሁ ይረዳዋል።

ሆኖም ሁሉም አይተርፍም፤ ባቄላ ለብዙ ዘመን ባልተዘራበት መሬት የሚጠቅመው ወገን እያነሰ ይሄዳል። ስለዚህ መናገሻ ባዮቴክ የተባለው የኢትዮጵያ ድርጅት ሕያው ባክቴሪያ ያለበትን ዱቄት አዘጋጅቶ ለገበሬ አቅርቧል። ዱቄቱ እንዲጣበቅ ዘሩ በጥቂት የስኳር ውሃ ይርሳል። ዱቄቱን እንደ ማዳበሪያ ቈጥሮ ፀሐይ ላይ የሚያኖር ሰው ግን ገንዘቡን ይከስራል፤ ሕያዋኑ በሙቀት ያልቃሉና፥ ስኳራቸውም ከዚህ አያድናቸውም። ዘሩ በጥላ ሥር ይታሻል፤ በዚያው ቀን በርጥብ መሬት ተዘርቶ ወዲያው አፈር ይለብሳል።