የልጆች መጻሕፍት ሽልማትና ያለ ደመወዝ የሚፈርዱ አንባብያን

ለሕፃናትና ለወጣቶች የተጻፈ መጽሐፍ ከሌላው መጽሐፍ ሁሉ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም የሚያነበው ሌላ፣ የሚገዛው ሌላ መሆኑ ነው። ልጁ ገንዘብ የለውም፤ ገንዘቡ ያለው አባት ወይም ርእሰ መምህር ደግሞ ከመጽሐፍ መደብሩ መደርደሪያ ፊት ቆሞ፣ የትኛው ለልጅ አእምሮ እንደሚበጅ፣ የትኛውም በችኰላ ተጽፎ በሥዕል ብቻ እንደ ተሸለመ ለመለየት ጊዜም ልምድም ያንሰዋል። ይህን ጉድለት ለመሙላት በልዩ ልዩ አገሮች የልጆች መጻሕፍት ሽልማት ተመሥርቷል፤ ከነዚህም መካከል ፍርዱን ለአሳታሚ ወይም ለባለሥልጣን ሳይሆን ደመወዝ ለማይከፈላቸው አንባብያን አደራ የሰጠው ወገን በዲላና በጠቅላላው በጌዴኦ ምድር ሊታወቅ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

በልጆች መጻሕፍት ሽልማት ቀዳሚ ሆኖ የሚጠራው የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ የሚሰጠው የኒውቤሪ ሜዳልያ ሲሆን፣ ስሙም በ18ኛው መቶ ዓመት በለንደን ለልጆች መጻሕፍት እያሳተመ ይሸጥ ከነበረው ከጆን ኒውቤሪ የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ግን አን ቦልስ ሌቪና ኬሊ ሄሮልድ የተባሉ ሁለት ሴቶች፣ አንዱ ሽልማት ሊቃውንት የሚያደንቁትን፣ ሌላው ብዙ የተሸጠውን ብቻ የሚያከብር መሆኑን ተመልክተው፣ የሥነ ጽሑፍ ብቃትና በልጅ ዘንድ ተወዳጅነት በአንድነት የሚመዘኑበትን ሲቢልስ የተባለውን ሽልማት አቋቋሙ። ዳኞቹ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ወላጆችና ስለ ልጆች መጻሕፍት ዘወትር የሚጽፉ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም በበጎ ፈቃድ ያገለግላሉ።

አሠራሩ በትዕግሥት ሊታይ የሚገባው ነው። በጥቅምት ወር መጀመሪያ ማንም አንባቢ በየዘርፉ አንድ አንድ መጽሐፍ ይጠቁማል። የመጀመሪያው ጉባኤ የተጠቆሙትን ሲያነብና ሲከራከር ከርሞ ጥቂቶቹን መርጦ በጎርጎርዮሳውያን አዲስ ዓመት ዕለት ዝርዝራቸውን ያስታውቃል፤ ከዚያ በኋላ ከፊተኛው የተለየ ሁለተኛ ጉባኤ ተቀምጦ እነዚያን ጥቂቶች ደግሞ አንብቦ በየካቲት ወር አሸናፊውን ይሰይማል። ፍርዱ በሁለት መከፈሉ ለይስሙላ አይደለም፤ ከብዙ መጻሕፍት መካከል የሚመርጥ ሰው ዐይኑ ይደክማል፣ ልቡም አስቀድሞ ለወደደው ያደላልና፣ ከዚያ ድካምና ከዚያ ክርክር ነጻ የሆኑ አዲስ አንባብያን መጽሐፉን እንደ ገና ከመጀመሪያው ገጽ ይቀበሉታል። ይህን ያህል ሥርዐት ያለ ክፍያ መጠበቁ እጅግ ያስደንቀኛል።

በአገራችንም ይህ አሳብ ባዕድ አይደለም። በነጌሌ ቦረና የተወለዱት አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ ለኢትዮጵያ ልጆች በቋንቋቸው የተዘጋጀ መጽሐፍ ማጣታቸው አሳዝኗቸው፣ ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለውን ድርጅት መሥርተው እ.ኤ.አ. በ2003 በአዲስ አበባ የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ከፈቱ፤ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በሐዋሳም በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ። ድርጅቱ የሕፃናት መጻሕፍት ሳምንት ሲያከብር ወርቃማ ኩራዝ የተሰኘ ሽልማት ለደራስያን ይሰጥ ነበር። በ2009 ዓ.ም. የተጀመረው የሆሄ የሥነ ጽሑፍ ሽልማትም የልጆችን መጽሐፍ ከረጅም ልብ ወለድና ከግጥም ጎን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ አክብሮታል።

ለወጣቶች ከተሰጡት ውስጥ ግን እኔ አብዝቼ የማስበው የበርት የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ሽልማትን ነው። ኮድ የተባለው የካናዳ ድርጅት ከኮድ ኢትዮጵያ ጋር ሆኖ ይሰጠው የነበረው ይህ ሽልማት ደራሲውን በገንዘብ ሸልሞ ብቻ አላሰናበተም፤ ያሸነፈው መጽሐፍ ታትሞ፣ ቅጂዎቹ ተገዝተው ለትምህርት ቤቶችና ለቤተ መጻሕፍት እንዲታደሉ አድርጓል። ሽልማት ከአዳራሽ ጭብጨባ አልፎ በተማሪ እጅ ሲገባ ተልእኮውን ፈጸመ የሚባለው እንዲህ ነው። ነገር ግን መጻሕፍቱ በእንግሊዝኛ የሚጻፉ ነበሩና፣ በጌዴኦ ገጠር ትምህርቱን በጌዴኡፋ ለሚጀምር፣ ያንኑም ቋንቋ በላቲን ፊደል ለሚያነብ ሕፃን በጣም ሩቅ ነበረ። በቋንቋው የመማሪያ መጽሐፍ ያገኘ ልጅ ለደስታው ብሎ የሚያነበው ተረትና ታሪክም ያሻዋል፤ ይህን የሚጽፍ ሰው እንዲበረታም የጻፈውን በሙሉ አንብቦ በቅንነት የሚመዝን ያስፈልገዋል።

የጌዴኦ ሕዝብ ለዚህ ዐይነቱ ዳኝነት እንግዳ አለመሆኑ ያጽናናል። ሶንጎ በተባለው የየመንደሩ ሸንጎ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሁለቱን ወገን ቃል እስኪፈጸም አድምጠው፣ ደመወዝ ሳይቀበሉ እንደሚፈርዱ ሁሉ፣ በጎ ፈቃደኛው አንባቢም መጽሐፉን ሳይጨርስ እንዳይፈርድ፣ የፈረደበትንም ምክንያት በጉባኤ ፊት እንዲያስረዳ ይገደዳል። በ2016 ዓ.ም. መባቻ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር ከቡናውና ከእንሰቱ፣ ከትክል ድንጋዮቹም ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ የተመሰከረለት ጥንታዊ ዕውቀት ለልጆች በሚጥም አነጋገር እንዲጻፍ ከእንዲህ ያለ የአንባብያን ማኅበር የተሻለ ቀስቃሽ አላይም። የሚያስፈልጉት ሰዎችም ሩቅ አይደሉም፤ የዲላ ዩኒቨርሲቲ ሲጀመር መምህራንን ያሠለጥን የነበረ ኮሌጅ ነውና።

እንዲህ ያለ ሽልማት በጌዴኦ ሲመሠረት ግን አንድ አደጋ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። በትንሽ ከተማ ደራሲና ዳኛ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ የሌላው ተማሪ፣ ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው። ስለዚህ የሚያውቀው ሰው መጽሐፍ የቀረበለት ዳኛ ከዚያ ዘርፍ እንዲነሣ የሚያዝ ደንብ ከመጀመሪያው ቀን ሊጻፍ ይገባል፤ ለሁለተኛውም ጉባኤ ከይርጋ ጨፌ፣ ከቡሌ ወይም ከኮቾሬ አንባብያን ቢጠሩ ከአንድ ሠፈር ፍርድ ይጠብቃል። ጊዜውም እንደ አገሩ መሆን አለበት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በቡና ለቀማ ወላጁም ልጁም መምህሩም ፋታ የላቸውምና፣ ጥቆማው በመስከረም ተፈጽሞ፣ ንባቡ ከጥር ቢጀምርና ትምህርት ቤት በሰኔ ሳይዘጋ አሸናፊው ቢታወቅ፣ መጽሐፉ ክረምቱ ሳይገባ ወደየቤተ መጻሕፍቱ ሊደርስ ይችላል።